ዘነዘናው ሲንቀሳቀስ

መርሳ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ወልድያ ነው። ሰኞ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ እመጣለሁ፣ ዓርብ ከሰዓት ወደ እናቴ ቤት እመለሳለሁ። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል አለው። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰን በሩን ስንከፍተው የጠበቀን ግን ባዶ መደርደሪያና መሬት ላይ የተበተነ ስብርባሪ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ብርሃን የሚያወራው ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር ጠመኔ ይዤ እገባለሁ። ጠመኔ ደግሞ አያበራም። ሌንስ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ክብ እሥላለሁ፣ ልጆቹ ክቡን ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ መልሰው ይሥሉልኛል፤ በቃ።

አንድ ዓመት ግን ነገሩ መረረኝ። ኮሌጅ ሳለሁ ያነበብኩት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ሲኒማ ከመፈጠሩ በፊት ሰዎች ሥዕልን የሚያንቀሳቅሱባቸው መጫወቻዎች እንደነበሯቸው ይተርካል። ሁሉም የተሠሩት በአንድ ነገር ላይ ተመሥርተው ነው፦ ዐይናችን ያየውን ቶሎ አይለቅም። አንዱ ምስል ከዐይናችን ሳይጠፋ ሌላው ከደረሰበት ሁለቱን እንደ አንድ እናያቸዋለን። ለመሥራት ካርቶን፣ መቀስና ክር ይበቃል። ካርቶን ደግሞ መርሳ ሞልቷል።

የመጀመሪያው ቀን የሳሙና ካርቶን ቆርጬ በአንድ ፊቱ ወፍ፣ በሌላው ፊቱ የወፍ ቤት ሣልኩ። ግራና ቀኙን በስቼ ክር አሰርኩበትና ክሩን በጣቶቼ ፈተልኩት። ካርቶኑ ሲሽከረከር ወፏ ቤቷ ውስጥ ገባች። ስድሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አንዱማ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ "ቲቸር፣ ከኋላ ያለውን እንዴት ከፊት አየነው?" አለኝ። መልሱን ለመስጠት አልቸኮልኩም። እንዲያ ዓይነት ጥያቄ ከተማሪ አፍ ከወጣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው እያሰብኩ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የደብተር ጥግ ላይ በየገጹ ትንሽ ትንሽ የሚለያይ ሥዕል ሠርተን ገጾቹን በአውራ ጣት ቶሎ ቶሎ መልቀቅ አስተማርኳቸው። ኳስ የሚነጥርበት ደብተር ነበር፣ ቀንዱን የሚነቀንቅ በሬም ነበር። የሒሳብ መምህሩ በሳምንቱ መጥቶ፣ "ልጆቹን ምን አደረግሻቸው? ደብተራቸው ሁሉ በጥጉ በኩል አልቋል" ብሎ ወቀሰኝ።

ሦስተኛው ዲስኩ ነው። ትልቅ ክብ ካርቶን ነው፤ ጠርዙ ላይ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ክፍተቶች ተቆርጠውበታል፤ ከክፍተቶቹ ሥር አሥራ ሁለት ሥዕሎች ዙሪያውን ተደርድረዋል። መሐሉን በምስማር ከእንጨት ጋር ታያይዙና ሥዕሉን ወደ መስታወት አዙራችሁ ታሽከረክሩታላችሁ። በክፍተቶቹ አሾልቃችሁ መስታወቱን ስታዩ ሥዕሎቹ አይዞሩም፤ ባሉበት ሆነው ይንቀሳቀሳሉ።

ሥዕሉን ማን ይሥራው ስል ክፍሉ በሙሉ ወደ አንዲት ልጅ ዞረ። ግራና ከምትባለው አነስተኛ ከተማ አካባቢ የመጣች፣ ከአክስቷ ልጅ ጋር መርሳ ላይ ክፍል ተከራይታ የምትማር ዝምተኛ ተማሪ ናት። ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ ታስራለች፤ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም። ካርቶኑን ዓርብ ሰጠኋት፤ ሰኞ ይዛው መጣች። እህል የምትወቅጥ ሴት ሥላበታለች። በመጀመሪያው ሥዕል ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ነው፣ በሰባተኛው ከሴትዮዋ ራስ በላይ ወጥቷል፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ወገቧ ሳይቀር አብሮ ይታጠፋል።

"ማንን አይተሽ ነው?" አልኳት።

"እናቴን" አለችና መሬት መሬት አየች።

ከቤቴ ያመጣሁትን መስታወት ጥቁር ሰሌዳው ሥር አቆምኩት። ልጆቹ በየተራ እየመጡ ያያሉ። ያየ ሁሉ፣ "ወቀጠች! ኧረ ወቀጠች!" እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል። የክፍሉ ወደ ኋላ ያለው ግማሽ ሳይደርሰው ሰማዩ ደመነና ምስሉ ፈዘዘ። ስለዚህ መስታወቱን አንሥቼ በሩ አጠገብ አደረግኩት። ደመናው ወዲያው ተገለጠ፤ የረፋዱ ፀሐይ በበሩ ገብታ መስታወቱ ላይ አረፈች። ልጅቷ የራሷን ሥራ ገና አላየችም ነበር። "ነይ እንጂ፣ ባለቤቷ አንቺ አይደለሽ?" ብዬ ጠራኋት። እሷ ዐይኗን ወደ ክፍተቶቹ አስጠጋች፣ እኔ ዲስኩን በኃይል አሽከረከርኩላት።

ለአፍታ ፈገግ አለች። ከዚያ የዐይኖቿ ሽፋሽፍት መርገብገብ ጀመሩ። ስሟን ብጠራ አልሰማችኝም። አንድ ድምፅ አሰምታ እንደ ግንድ ወደ ኋላ ወደቀች፤ መላ ሰውነቷም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ተማሪዎቹ ወንበር እየገለበጡ ወደ ግድግዳው ሸሹ። ከመካከላቸው "ክብሪት! ክብሪት ጫሩ!" የሚል ድምፅ መጣ። በእኛ አገር የሚጥል በሽታ የጣለውን ሰው የክብሪት ጭስ ያሸትቱታል፤ ሊነካው የሚደፍር ግን ጥቂት ነው። እኔም ፈራሁ። ይሁን እንጂ አንዲት ነርስ ጓደኛዬ አንድ ጊዜ የነገረችኝ ትዝ አለኝና በጎኗ አስተኛኋት፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደረግኩ፣ ክብሪት የያዘውን ልጅ "ተወው፣ ባጃጅ ጥራ" አልኩት። መንቀጥቀጧ ሁለት ደቂቃ ይሁን ሦስት አላውቅም፤ ለእኔ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ረዝሞብኛል።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ቆሞላት ነበር። ነርሷ ደም ግፊቷን ለካች፣ ስኳሯን አየች፣ ምላሷን መንከሷን አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ወልድያ ሆስፒታል ትታይ" ብላ ወረቀት ጻፈችልን። ልጅቷ ነቅታ ጣሪያውን እያየች፣ "ቲቸር፣ ሁሉም አዩኝ?" አለች። "አይዞሽ" ብዬ ሻሿን አስተካከልኩላት።

ከሰዓት ትምህርት ቤት ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። መምህርቷ መስታወት አምጥታ ጂን ጠራችባት ይላል አንዱ። የለም፣ ልጅቷን የጣላት መንኰራኩሩ ነው ይላል ሌላው። ርዕሰ መምህሩ በቢሮው አስቀምጦ፣ "እኔ ጂኑን አላምንም፣ ግን ምን እንደተፈጠረ አስረጂኝ" አለኝ። ያየሁትን ነገርኩት። ልጅቷ ዲስኩን እስክታይ ድረስ ደህና ነበረች፤ ዲስኩን አየች፣ ወደቀች። ያሽከረከርኩት እኔ ነኝ። ዲስኩን ቦርሳዬ ከትቼ ዘጋሁበት። የማውቀው እሱን ብቻ ነበር፤ የአንዲትን ጤነኛ ልጅ ጭንቅላት በእጄ እንዳበላሸሁ።

በማግሥቱ አባቷ መጣ። ከግራና ሌሊቱ ሳይነጋ ነበር የተነሣው። ቀጠን ያለ፣ ፂሙ የሸበተ፣ ጋቢውን አጣፍቶ የለበሰ ገበሬ ነው። የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ሳየው የያዝኩትን ደብተር አስቀምጬ ተነሣሁ። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

"እንደምን አደሩ፣ መምህር" አለ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አባባ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ። አንቱ ለእኔ አባቴ ነዎት፤ አንቺ ይበሉኝ።"

አልተቀመጠም። ከበሩ ውጭ ያለው ዛፍ ሥር ይዞኝ ሄደ። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ መሬቱን እያየ ቆመ። እኔ ቀድሜ "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" ልል አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

"ለአላህ ብለሽ ልጄን ከትምህርት ቤት እንዳታስወጫት" አለኝ።

እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

"ማን ያስወጣታል? ጥፋቱ የእኔ ነው እኮ። ያሳየኋት መጫወቻ ነው የጣላት።"

"ምን መጫወቻ?" አለና ቀና ብሎ አየኝ። "መጫወቻ አይደለም። ቤትም ወድቃለች። አንድ ጊዜ አምና በአዝመራ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በረመዳን ዋዜማ። ከእናቷና ከእኔ በቀር ያየ የለም። ሸኹ ዱዓ አደረጉላት፤ 'ዱዓውም አይቅር፣ ለሐኪምም አሳዩዋት' ብለውን ነበር። እኛ ነን የፈራን። ሐኪም ቤት ከታየች ስሟ ይወጣል፣ ማን ያገባታል፣ ማንስ አጠገቧ ይቀመጣል ብለን ደበቅናት።" ዱላውን ዛፉ ላይ አስደገፈ። "አንቺን ልለምን ነው የመጣሁ። የሚጋባ በሽታ ነው ብላችሁ እንዳታባርሩብኝ።"

እኔ እሱን እየፈራሁ አድሬ፣ እሱ እኔን እየፈራ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ እንዲህ ዛፍ ሥር ተገናኘን። ዕንባዬ መጣ። ሊያጽናናኝ ግራ ገብቶት፣ "ኧረ ተይ፣ አንቺ ልጅ" ይለኛል፤ መምህርነቴንም ረስቶታል። ትናንት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ግማሹ ወረደልኝ። ግማሹ ግን እዚያው ነበር፤ ቤት የወደቀችው በምን ምክንያት እንደሆነ አላወቅንምና።

ወልድያ የሄድነው በሚቀጥለው ረቡዕ ነው። ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ሰጠኝ። ሚኒባሱ ውስጥ አባትየው ከፊት፣ እኔና ልጅቷ ከኋላ ተቀመጥን፤ መስኮቱ ጋ እሷ ነበረች። ከመርሳ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን በስተቀኝ በኩል ባሕር ዛፎች የተሰለፉበት ቦታ ደረስን። የጠዋቷ ፀሐይ ከዛፎቹ ኋላ ናት፤ ሹፌሩ ይነዳል፤ ብርሃኑ በየግንዱ መሐል ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። ልጅቷ ሻሿን ስባ ዐይኗን ሸፈነች፤ ፊቷንም ወደ እኔ አዞረች።

"ምን ሆንሽ?"

"ዛፎቹ ናቸው፣ ቲቸር። ያዞሩኛል። ወልድያ ለገበያ በሄድን ቁጥር እዚህ ቦታ ስንደርስ ሁልጊዜ እሸፈናለሁ።"

"ሁልጊዜ? ከመቼ ጀምሮ?"

"ከስድስተኛ ክፍል ይመስለኛል። አንዳንዴ እጄ ይዘላል። የያዝኩት ነገር ያመልጠኛል።"

ዛፎቹን አየኋቸው። ከዚያ ጭኔ ላይ ያለውን ቦርሳ አየሁት። ዲስኩን ለምን እንደያዝኩት እኔም አላውቅም ነበር፤ ምናልባት ጥፋቴን ለሐኪሙ ለማሳየት ነው። ግንዶቹ የካርቶኑ ጠርዝ፣ በመሐላቸው የሚያልፈው ፀሐይ ደግሞ የክፍተቶቹ ብርሃን ነበር። መኪናው እኛን ይዞ ይሮጣል፣ ዲስኩ በእጄ ይሽከረከራል፤ ለዐይኗ ሁለቱ አንድ ናቸው። ብርሃን ሳስተምር ስንት ዓመቴ ነው፣ በዚያ መንገድስ ስንት ሰኞ አልፌያለሁ፤ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድካም ፊቱ ላይ ይነበባል። ከእኛ በፊት የነበሩት ታካሚዎች ብዙ ነበሩ። አባትየውን፣ ልጅቷን፣ ቀጥሎ እኔን ጠየቀ። ስለ ዛፎቹ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ዲስኩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳደርገው አንሥቶ አገላበጠው።

"ይኼን ማን ሠራው?"

"እሷ ናት የሣለችው" አልኩ።

"ዘነዘናው ያምራል" አላት፤ ልጅቷ መጀመሪያ ወደ አባቷ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ አየች። ሐኪሙ እንድታየው አላሽከረከረውም። ከቀኑ ብርሃን አርቆ መሳቢያው ውስጥ በጀርባው አስተኛውና ወደ እኛ ዞረ።

"ይኼ የሚጥል በሽታ ነው፤ ጂንም እርግማንም አይደለም። የአንጎል በሽታ ነው። አንዳንድ ሰው ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ይቀሰቅስበታል። መኪና ላይ የዛፍ ጥላ፣ ሊቃጠል የደረሰ አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ እንዲህ ያለ የሚሽከረከር ነገር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺ አላመጣሽባትም። ያለባትን ነው ያሳየሽው" አለኝ። "ወንዝ ዳር ብቻዋን ሳለች ወይም እሳት አጠገብ ሆና ጥሏት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ላትቀመጥ ትችል ነበር።"

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። "ይተላለፋል?"

"አይተላለፍም።"

"ከእህቶቿ ጋር አንድ ማዕድ ትበላለች።"

"ትብላ። አብራቸው ትተኛ። ሲጥላት በጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪቱንም ተዉት።"

"ትማራለች?"

"ለምን አትማርም?"

"ታገባለች?"

ልጅቷ ሻሿ ውስጥ ተደበቀች። ሐኪሙ ሣቀ። "መጀመሪያ ትማር፤ ማግባቱን ስትደርስ ራሷ ታስብበታለች። ትችላለች ግን።"

ኪኒን አዘዘላት። ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳታቋርጥ፣ "ተሻለኝ" ብላ እንዳትተው አጥብቆ ነገራት። ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲልባት ዐይኖቿን ከመጨፈን ይልቅ አንዱን ዐይኗን በመዳፏ ጥብቅ አድርጋ እንድትሸፍን አሳያት። እሷም ወዲያው መዳፏን ግራ ዐይኗ ላይ አድርጋ አሳየችው። "እንደዚህ?" ስትለው ድምፅዋ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልሰማሁት ነገር ነበር። ስም የሌለው ነገር ስም ሲያገኝ ሰው እንዲህ ይቀለዋል መሰለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ አባትየው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ፊቱ ላይ አሳልፎ "አልሐምዱሊላህ" አለ፣ ደግሞ "አልሐምዱሊላህ"። ከዚያ በድንገት፣ "ራበኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም" አለን። ሦስታችንም ሣቅን። መናኸሪያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገባን። ለእኔ ረቡዕ ጾም ነው፣ ለእነሱ ደግሞ የሥጋው ነገር አለ፤ ስለዚህ ሦስታችንም አንድ ሰፊ ትሪ ሽሮ ቀርቦልን በላን። አባትየው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጁ፣ ሁለተኛውን ለእኔ ሰጠ። "አንቺ ልጄ፣ በሞቴ" ሲለኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ቀላል ያልሆነው ክፍሉ ነበር። ሰኞ ስትመለስ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀይራ ጠበቀቻት። የሦስት ሰው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። እኔ ስለ በሽታው ልናገር ፈልጌ፣ ያለ ፈቃዷ ማውራቱን ደግሞ አልወደድኩትም። ከክፍል አስወጥቼ ጠየቅኳት።

"እኔው ልናገር" አለችኝ።

ስድስት ወር ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆመች። "ያን ቀን ያያችሁት የሚጥል በሽታ ነው" አለች። "አይጋባም። ሐኪም ነው ያለው፤ ቲቸርም ሰምታለች። ብርሃን ነው የሚቀሰቅስብኝ። ኪኒን ጀምሬያለሁ። ደግሞ ብወድቅ በጎኔ አስተኙኝ፣ አትሽሹ።" ይህን ብላ ወደ ቦታዋ ሄደች። ከዚያ እኔ ዐይን፣ ብርሃንና አንጎል እንዴት እንደሚነጋገሩ አስተማርኩ። እንደዚያ ቀን ጸጥ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም። ቦታ የቀየረችው ልጅ በዕረፍቱ ሰዓት ደብተሯን ይዛ ተመለሰች፤ ይቅርታ ብላት አልሰማሁም፤ ብቻ ተመልሳ ተቀመጠች።

ዲስኩን ክፍል ውስጥ ዳግመኛ አላሽከረከርኩትም። በምትኩ በቀስታ የሚገለጥ የደብተር ጥግ ሥዕል አበዛን። በአንድ የገበያ ቀን እናቷ ወደ ትምህርት ቤት መጣች፤ ዲስኩ ላይ የተሣለችውን ሴት ልጅቷ በትንንሽ ወረቀቶች ላይ ደግማ ሥላት ነበር። እናትየዋ ወረቀቶቹን በአውራ ጣቷ ለቀቀቻቸው፣ ራሷን ስትወቅጥ አየች፣ "አይ፣ እኔ እንዲህ ወገቤን አላጥፍም" አለች። ሁለተኛ ጊዜ ለቀቀቻቸው። "አጥፋለሁ እንዴ?"

ኪኒኑን ከጀመረች በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ወደቀች፤ እሱም ሁለት ቀን ረስታ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጣላትም። ሐኪሙ በየወሩ ይሰጣት የነበረውን ቀጠሮ ወደ ሦስት ወር አራዘመው። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ፊዚክስ የሚያስተምራት ሌላ መምህር ነው። ወልድያም ብቻዋን ሄዳ ትመለሳለች።

አባቷ በቀጠሮዋ ቀን ይደውልልኝ ነበር። አጭር ጥሪ ናት። "ሄዳ መጣች፣ ኪኒኑን ተቀብላለች፣ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ መልሴን ሳይጠብቅ ይዘጋል። ባለፈው ሳምንት ደወለ። ዝናቡ በሰዓቱ እንደገባ፣ ማሽላው እንዳማረ፣ አንዲት ላም እንደወለደች ነገረኝ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ፣ ለአዝመራው ግራና ካልመጣሽ ብሎ ተቆጣኝ። ረጅም አወራን። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ነው ስለ ልጅቷ በሽታ እሱም እኔም አንዲት ቃል ሳናነሣ መቅረታችንን ያስተዋልኩት።